በቁልቁለቱ ላይ የወሰድሁት እርምጃ

አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከወደብ ሲመለስ ደብረ ብርሃን ላይ አድሮ ስለሚያልፍ፣ ለእኔ ለእኅቱ ልጅ አንድ ነገር ሳይዝ አይመጣም፤ አንድ ጊዜ የቆርቆሮ ብስኩት፣ አንድ ጊዜ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለምን እንደሚሆነኝ እሱም እኔም ያላወቅነውን የባሕር ካርታ። ያን ዓመት ግን ከአንድ መርከበኛ የገዛውን፣ የኪስ ሰዓት የመሰለ ክብ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠና፣

«ሰዓት እንዳይመስልህ፤ ስትራመድ ነው የሚቆጥረው» አለኝ።

«ምኔን ነው የሚቆጥረው?»

«እግርህን ነዋ!»

«እግሬማ ሁለት ነው።»

አጎቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን ቀልድ አልነበረም የተናገርሁት። በዚያን ጊዜ ቀልድ የሚባል ነገር በእኔ ዘንድ አልነበረም።

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ እኔ ገና ሃያ አራት ዓመት የሞላኝ የአማርኛ መምህር ነበርሁ። ጺሜ በወጉ ሳይወጣ የሽማግሌ አነጋገር የለመድሁ፣ ካፖርቴን እስከ ላይኛው ቁልፍ የምቆልፍ፣ «ደኅና አደርህ?» ላለኝ ሰው ሁሉ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር የምመልስ ሰው ነበርሁ። ተማሪዎቼ በስተኋላዬ «ዜና እወጃ» ይሉኛል። ይህንንም የጠራ አነጋገሬን ለማድነቅ የወጣ ስም አድርጌ ስለ ወሰድሁት በልቤ እኮራበት ነበር።

ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነብባለሁ፤ ከወንበሬ ግን አልነሣም። ስለዚህ ከገበያው እስከ ቤቴ ባለችው ትንሽ ዳገት ላይ፣ የበግ ነጋዴዎች መንጋቸውን እየነዱ ሲያልፉኝ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ፣ ጤናውን የሚሻ ሰው በየቀኑ ምን ያህል እንደሚራመድ ማወቅ አለበት የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር። የአጎቴ ስጦታ ሲመጣ እንግዲህ ከሰማይ የተላከ መሰለኝ።

መሣሪያው ቀበቶ ላይ ይታሰራል። በሆዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት አለች፤ ሰውነት ሲናጥ እሷም ትነቃነቅና «ጠቅ» ትላለች፤ ያን ጊዜ በፊቱ ላይ ያለችው መርፌ ፈቀቅ ትላለች። ነገሩ ይኸው ነው። ቆይቼ እንደ ተረዳሁት ግን ብረቲቱ በእግርና በሌላ ነገር መካከል ልዩነት አታውቅም። ሳስል ትቆጥራለች። ሰሌዳ ስጠርግ ትቆጥራለች። አንድ ቀን የታሪክ መምህሩ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ጀርባዬን ሲመታኝ እንኳ ቆጥራልኛለች። ይህን ሁሉ እያወቅሁ በየማታው መርፌዋን አይቼ ስለ ጤናዬ እደሰት ነበር፤ የተማረ ሰው ሞኝነት ከሌላው ሰው ሞኝነት የሚለየው ማስረጃ ያለው በመሆኑ ነው።

የስፖርት መምህሩ ታደሰ የልብ ወዳጄ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል መሣሪያውን አየና «ኮቴ ቆጣሪ ገዛህ አሉ» አለኝ።

«ኮቴ የከብት ነው» አልሁት። «ለሰው እርምጃ ነው የሚባለው። ትክክለኛ ስሙም የእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ነው።»

ታደሰ ወደ በሩ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወዳጄ፣ በዚህ ዘመን እርምጃና መሣሪያ የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ አስረህ ባትጠራ ይሻልሃል። ሬዲዮው ‹እርምጃ ተወሰደበት› ያለው ሰው ቤቱ ተመልሶ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ?»

«ቃሉን ሌሎች አበላሹት ብዬ እኔ ትክክለኛውን አማርኛ አልተውም» አልሁት። አማርኛን ከደርግ የማስጣል ሥራ በእኔ ላይ የወደቀ መስሎኝ ነበር።

የየካቲት ዕረፍት ሲመጣ፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ቁልቁለት በእግሬ ለመውረድና መሣሪያዬን በከባድ መንገድ ላይ ለመፈተን ወሰንሁ። ከአንኮበር አጠገብ እስካለችው እስከ ጎረቤላ ድረስ በጭነት መኪና ሄድሁ። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል መርፌዋ እንደ ጉድ ትሮጥ ስለ ነበር፣ ጎረቤላ ስደርስ በዚያ ዓመት ከተራመድሁት ሁሉ የሚበልጥ መንገድ ተቀምጬ ተራምጄ ነበር። መርፌዋን ወደ ዜሮ መልሼ ቁልቁለቱን ጀመርሁ።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። ከዚያ ከበታች ጉም ተነሣ፤ ጉሙን ተከትሎ የበልግ በረዶ ወረደ። ድንጋዩ አዳለጠኝ፣ ጉልበቴ ተጠመዘዘ፣ መንገዱም ጠፋኝ። እያነከስሁ ከአንድ የማሽላ ማሳ ዳር ያለ ቤት ደረስሁና በሩ ላይ ቆሜ፣

«የዚህ ቤት ባለቤቶች ሆይ! በረዶ ያስቸገረው መንገደኛ መጠለያ ይጠይቃል!» ብዬ ተጣራሁ።

በሩን የከፈቱልኝ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። «ይኼ ምን ዓይነት ልመና ነው? ግባ እንጂ አንተ ልጅ፣ በረዶው ሳይገድልህ!» ብለው በክንዴ ጎተቱኝ። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ እሳቱን ቆሰቆሱልኝና «ውይ አላህዬ! እንደ ጫጩት በስብሷል እኮ!» እያሉ እርጥብ ካፖርቴን ገፈው ጋቢ አለበሱኝ፤ ወተት አሙቀው ሰጡኝ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በመጋረጃ ከተጋረደችው ጓዳ የሚወጣው የበርበሬ ሽታ ዐይን ያቃጥላል።

«ከላይ ነህ?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። በዚያ አገር ደጋው «ላይ» ይባላል።

«አዎን፣ ከላይ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን።»

«ለንግድ ነው የወረድክ?»

ወተቴን አስቀመጥሁና እንደ ልማዴ በተሟላ ዓረፍተ ነገር መለስሁ። «አይደለም። እኔ በየቀኑ እርምጃ የምወስድ ሰው ነኝ። ዛሬም እየወሰድሁ ሳለ ነው በረዶው ያቋረጠኝ።»

እትዬ ዘሃራ እንጨት ሊጨምሩ ያነሡት እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን … ምን እየወሰድክ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«እርምጃ። አንድ ቀን ካጓደልሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ማን ነው ያዘዘህ ልጄ?»

«ማንም አላዘዘኝም፤ በራሴ ተነሣሥቼ ነው። ለጤናዬ እጅግ ተስማምቶኛል፤ ደሜን ያዘዋውረዋል።»

«ለጤናህ» አሉ ጋሽ ሰይድ በቀስታ። «ብቻህን?»

«ቀድሞ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ነበር የምወስደው። እሱ ግን ሲወስድ ይቀልዳል። ይህ ጽሞና የሚፈልግ ጉዳይ ነው።»

ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታቸውን የዕውቀት ጥማት አድርጌ ተረጎምሁትና ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ቀበቶዬን መታ መታ አደረግሁ። በጋቢው ጥላ ሥር ከሚያብለጨልጭ ብረት በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

«መሣሪያዬ ይኸውና። በእያንዳንዱ እርምጃ ጠቅ ይላል። ጉድለቱ ትክክለኛ አለመሆኑ ነው፤ ቁልቁለት ላይ አንዳንዴ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራል። ዛሬም ያመለጡኝ ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«ያመለጡ አሉ?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ይኖራሉ። ግድ የለም፤ ነገ አንድም አያመልጠኝም።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጋሽ ሰይድ «አንተ» ማለት ተዉ። «ይጠጡ እንጂ ጌታዬ፣ ወተቱ ይቀዘቅዝብዎታል» አሉኝ። በልጅነቴ ምክንያት «አንቱ» የሚለኝ ሰው ስለማላገኝ ልቤ በደስታ ሞላ። «እነሆ፣ አስተዋይ ባላገር የተማረ ሰውን በአነጋገሩ ይለያል» አልሁ ለራሴ። ጋሽ ሰይድ ከኪሳቸው ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት ዶቃቸውን፣ አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። እኔም «እርስዎም ይቆጥራሉ ማለት ነው!» አልኋቸው። አልሳቁም።

በዚህ መካከል ከጓዳው ኃይለኛ ማስነጠስ ተሰማ።

«ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አልሁ።

«ፍየል ናት!» አሉ እትዬ ዘሃራ። ጥያቄዬን አላስጨረሱኝም።

«ፍየል እንደዚህ ታስነጥሳለች?»

«ጉንፋን ይዟት ነው።»

«ፍየልንም ጉንፋን ይይዛታል?»

«የእኛዋን ይዟታል» አሉ ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት እያዩ።

አዲስ ዕውቀት በማግኘቴ ተደስቼ ለሳይንስ መምህሩ እንደምነግረው በልቤ ያዝሁ። ጓዳው ውስጥ ያለው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ከማሠልጠኛ የጠፋው አንድ ልጃቸው ኑሩ መሆኑን በምን ልወቀው? በየገጠሩ ወጣት ሲታፈስ የነበረበት ዓመት ነው። እኔ መምህር በመሆኔ ማንም ስላልነካኝ ነገሩን ከጋዜጣ ላይ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ጋዜጣው ደግሞ ወጣቱ እየዘፈነ ዘመተ ነበር የሚለው።

ጋሽ ሰይድ ጥቂት ቆይተው፣ «ጌታዬ፣ ዶሮ ነበረችን። የእኛን እርድ አይበሉም፤ ከወዲያኛው መንደር የሚባርክ ክርስቲያን ላስጠራልዎ?» አሉኝ።

«አይድከሙ። እኔ ደም ማየት አልወድም።»

ባልና ሚስት ተያዩ። «ታዲያ ሥራው … እንዴት ይሆንልዎታል?»

«ሥራው ንጹሕ ነው» አልሁ። «ላብ እንጂ ደም የለበትም።»

ማር ከማሽላ ቂጣ ጋር ቀረበልኝ። በልቼ ስጠግብ የራሳቸውን መደብ ለቀቁልኝ። እኔም አመስግኜ፣ ከመጋደሜ በፊት የማግስቱን ዕቅዴን አስታወቅኋቸው። «ማለዳ ከዚሁ ከደጃችሁ እጀምራለሁ» አልኋቸው። ጭንቅላቴ ትራሱን እንደ ነካ እንቅልፍ ወሰደኝ። በዚያ ቤት ውስጥ የተኛሁት እኔ ብቻ እንደ ነበርሁ የተነገረኝ በኋላ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። ጉልበቴ ተሽሎኝ ስለ ነበር ቀበቶዬን ጠበቅ አድርጌ፣ በጎ ሐሳብ ይዤ በሩን ከፈትሁ።

ጋሽ ሰይድ ከደጃፉ ተንበርክከዋል። በማጅራታቸው ላይ ሁለት ሰው የሚያነሣውን የሚያህል ድንጋይ ተሸክመዋል። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ራሳቸውን ገልጠው አጠገባቸው ቆመዋል።

«ልጄን ይማሩልኝ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። ድንጋዩ ተጭኗቸው ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። «ከማሠልጠኛው የጠፋው ፈርቶ ነው እንጂ ለጠላት አድሮ አይደለም። ልጅ ነው። እርምጃውን … በእኔ ላይ ይውሰዱት። እኔ ኖሬአለሁ።»

«አንድ ነው ያለኝ!» አሉ እናቲቱ። «ወላሂ አንድ ነው! ጠጥተዋል፣ ከቤታችን አድረዋል፤ በአደሩበት ቤት!»

አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ልመናው ሰዋስዋዊ ስሕተት አለበት የሚል ነበር፤ «እርምጃ በሰው ላይ አይወሰድም» ልል አፌን ከፈትሁ። ያን ጊዜ ማታ የተናገርሁት ሁሉ፣ «መሣሪያዬ»፣ «ያመለጡኝ»፣ «ሁለቱን እንደ አንድ»፣ «ከደጃችሁ እጀምራለሁ»፣ አንድ በአንድ ወደ ራሴ ጆሮ ተመልሶ መጣ። በእነሱ ጆሮ ሰማሁት። እኔም ከጋሽ ሰይድ ፊት ተንበረከክሁ።

«አባቴ! ይነሡ! እኔ ምንም እርም…» ብዬ ጀምሬ ቃሏን ዋጥኋት። «እኔ አስተማሪ ነኝ!»

ድንጋዩን ላወርድላቸው ብይዘው አልነሣ አለኝ። በስንት ወር ልምምድ ያጠነከርሁት ሰውነት ድንጋዩን ለማወዛወዝ እንኳ አልበቃም። በመጨረሻ ራሳቸው ጋሽ ሰይድ በአንድ ትከሻቸው ዘንበል አደረጉና መሬት ላይ ጣሉት።

መሣሪያውን ከቀበቶዬ ስፈታ ሁለቱም ወደ ኋላ አሉ። በመዳፌ አድርጌ አሳየኋቸው። «ይህ ነው። ስራመድ ይቆጥራል። ሌላ ሥራ የለውም። እዩት!» ብዬ መልሼ አሰርሁና በግቢው ውስጥ መዞር ጀመርሁ። አንድ ጊዜ ዞርሁ፤ ጠቅ ጠቅ አለ። አላመኑኝም። ደግሜ ዞርሁ። ከዚያም ብረቲቱ በደንብ እንድትሰማ ዘለልሁ፤ ጋቢ የለበሰ የአማርኛ መምህር በማለዳ በሰው ግቢ ውስጥ እንደ ፌንጣ ሲዘል አስቡት።

ጋሽ ሰይድ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። «እና … እግርህን ነው የምትቆጥረው?»

«እግሬን ነው።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላ ምንም።»

«ለምን?»

«ለጤና።»

«አሃ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ስትቆጥረው ይበዛል?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘሃራ ናቸው። እያለቀሱ ነበርና ሳቁ ከልቅሶው መካከል ነው የወጣው፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ጋሽ ሰይድ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው «አልሐምዱሊላህ! እግሩን እኮ ነው! እግሩን!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። ከጓዳው አንድ ቀጭን ወጣት፣ ዐይኑ በበርበሬ ቀልቶ፣ እየሳቀና እያስነጠሰ ወጣ።

«ፍየሏ እኔ ነኝ፣ መምህር» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ስስቅ ሆዴ ስለሚናጥ መሣሪያው «ጠቅ ጠቅ» ይላል፤ እሱን ሲሰሙ እነሱ ጨርሶ ወደቁ። ኑሩ መሣሪያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ቁልፏን ሲነካት መርፌዋ ወደ ዜሮ ተመለሰች። «ውይ፣ አጠፋሁብህ!» አለ ደንግጦ። «ግድ የለም» ብዬ በመዳፌ ያዝሁት፤ ሁላችንም ገብተን፣ እኔ በመጨረሻ የበሩን ደፍ ተሻግሬ በሩን ዘግቼ መሣሪያውን ቀበቶዬ ላይ እንዳሰርሁ የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

እትዬ ዘሃራ በመዝጊያው ስንጥቅ አጮልቀው «የገበሬ ማኅበሩ ናቸው!» አሉ። አንድ ሰው ትናንት እንግዳ ሲገባ አይቶ ነግሯል ማለት ነው። ኑሩ ከበርበሬው ማዳበሪያዎች በስተጀርባ ገባ። ጋሽ ሰይድ የጓዳውን መጋረጃ መልሰው ሳቡ። እኔ ለበሩ ቅርብ ስለ ነበርሁ በሩን ከፍቼ መግቢያውን ይዤ ቆምሁ። ጀግና ሆኜ አልነበረም፤ ከዚያ የምሸሽበት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው።

ሊቀመንበሩ ወፍራም ሰው ነው፤ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሏል።

«አንተ ማን ነህ?»

«እንግዳ ነኝ።»

«ከየት?»

«ከላይ» አልሁት። የዚያን አገር አነጋገር ለምጄ ያልሁት እንጂ ተንኮል አልነበረበትም። ሊቀመንበሩ ግን ኮፍያውን አስተካከለ።

«ከላይ … ተልከህ ነው?»

«ትናንት ነው የወረድሁት።»

«ለምን ጉዳይ?»

እውነቱን ነገርሁት። «እርምጃ ለመቁጠር።»

ትናንት ማታ በጋሽ ሰይድ ፊት ላይ ያየሁትንና ያላነበብሁትን ነገር አሁን በሊቀመንበሩ ፊት ላይ አነበብሁት። ቃሏን ገና አሁን ዋጥሁ ብዬ ነበር፤ ተመልሳ ወጣች።

«የምን እርምጃ ነው … ጓድ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ጓድ» የሆንሁት በዚህች ቅጽበት ነው።

«በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚወሰደውን። የትናንቱ ጉድለት ነበረበት፤ ዛሬ አስተካክላለሁ።»

«መሣሪያ … ይዘዋል?»

ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ቀበቶዬን አሳየሁት። አንደኛው ታጣቂ አንድ እግር ወደ ኋላ አፈገፈገ። እስከዚህ ድረስ አንዲት ውሸት አልተናገርሁም። እናቴ ውሸታም አላሳደገችኝምና፣ በእውነት ብቻ ልወጣው ነው ብዬ በልቤ መኩራት ስጀምር ኑሩ ከጓዳው አስነጠሰ።

ሊቀመንበሩ ከትከሻዬ በላይ ተመለከተ። «ውስጥ ማን ነው?»

በሕይወቴ ሁሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደዚያ ጠፍቶብኝ አያውቅም። «አላየሁም» ብል ይፈትሻሉ። «ማንም የለም» ብል ጆሮ አላቸው።

«ፍየል ናት» አልሁ። «ጉንፋን ይዟታል።»

«ፍየል?»

«ለደብረ ብርሃን የሚነገር አዲስ በሽታ ሳይሆን አይቀርም» አልሁ የዜና ድምፄን አውጥቼ። «ወደ ሰው መተላለፍ አለመተላለፉ ገና አልተረጋገጠም። ገብታችሁ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል።»

ሊቀመንበሩ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ። «የለም፣ የለም ጓድ፤ እርስዎ ካዩት ይበቃል። የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ማኅበሩ ይተባበራል።»

«ብቻዬን መራመድ ነው የምፈልገው።»

«እንደሱ ይሁን!» ብሎ እጅ ነሣ። ከመጡት ይልቅ ሲሄዱ ፈጠኑ።

ከማሳው ማዶ እስኪሰወሩ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ጋሽ ሰይድ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ደግነቱ እነሱ ወገብህን ነበር የሚያዩት።» ወደ «አንተ» በመመለሴ የተሰማኝን ደስታ «አንቱ» ስባል አላገኘሁትም ነበር።

ያን ዕለት ኑሩ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላው ወረደ። እኔ ጋሽ ሰይድ በሰጡኝ በቅሎ ወደ ጎረቤላ ወጣሁ። በቅሎዋ ሰው የማትንጥ ሰጋር ስለ ነበረች ያን ሁሉ ዳገት ስንወጣ መሣሪያው አንድም ጠቅ አላለም። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በደብረ ብርሃን ገበያ አንድ የማላውቀው በርበሬ ሻጭ እጄን ያዘና፣ «ጋሽ ሰይድ ሰላም ብሎሃል። ፍየሏ ድናለች፤ ሣር ካለበት አገር ገብታለች» ብሎኝ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ኑሩ ወደ ቤቱ ተመልሶ አሁን አልዩ አምባ ላይ ይነግዳል። በየዓመቱ በርበሬ ይልክልኛል፤ እኔም ባስነጠስሁ ቁጥር አስበዋለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ካፖርቴን አሁንም እቆልፋለሁ፤ እንደምታነቡት ዓረፍተ ነገሬም ገና ረጅም ነው። አንድ ነገር ግን ትቻለሁ። ሰው ፊት ስናገር በገዛ ድምፄ መደሰቴን ትቼ የሰሚውን እጅ አያለሁ፤ እንጨት ይዞ አየር ላይ ከቀረ አቆማለሁ። ተማሪዎቼንም «ቃሉ ምን ማለት ነው?» ብዬ ብቻ አልጠይቃቸውም፤ «እናታችሁ ብትሰማው ምን ትላለች?» እላቸዋለሁ። «ዜና እወጃ» የሚለው ስሜ ግን አልለቀቀኝም።

መሣሪያው ዛሬም አለኝ። ያየው ሰው ሁሉ «በትክክል ይቆጥራል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ይህን እነግረዋለሁ። መኪናን እንደ እግር፣ ሳልን እንደ መንገድ ይቆጥራል፤ በቅሎን ጨርሶ አያውቃትም። ለጤናም የጠቀመኝ ነገር ቢኖር ያን ዕለት የሳቅሁት ሳቅ ነው። ነገር ግን ያን ማለዳ ሊቀመንበሩ ከዐይኔ ሲርቅ ወደ ቀበቶዬ አጎንብሼ አይቼ ነበር። ኑሩ መርፌዋን ዜሮ ላይ ትቷት ነበር፤ እኔም ከደፉ ወዲህ አንድ ጫማ አልተንቀሳቀስሁም። መርፌዋ ግን ከዜሮ ርቃ ሄዳለች። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ቆጥራው ነው።

ታደሰ ይህን ስነግረው «አየህ፣ ኮቴ ቆጣሪህ ተሳሳተ» አለኝ። እኔ ግን እሱን ብቻ በትክክል የቆጠረ ይመስለኛል። ቆሜ የወሰድሁት እርምጃ ነበር።